መንገዱ ሳይጠረግ መድፉ አይነሣም

ማኅበራችን የራሱን የኤአይ ረዳት ከማሠራቱ በፊት ስለሚያስፈልገው ዝግጅት፣ በሮማ በተካሄደው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ሊቀ መንበሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ቡናው ሳይቀርብ እጨርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ሽታው ግን ከወዲሁ ስለመጣ፣ ዓይናችሁ ወደዚያ ቢያይ አልፈርድባችሁም።

የመጣሁበትን ጉዳይ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ወጣቶቻችን አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ማኅበሩ በቴሌግራም የሚሠራ፣ በአማርኛ የሚመልስ የራሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ይኑረው አሉ። አባል ማታ ከሥራ ሲወጣ ስለ ሶጆርኖ እድሳት፣ ስለ መዋጮ፣ ስለ ሐዘን ድጋፍ፣ ደብረ ታቦር ስለጀመርነው ቤተ መጻሕፍት ቢጠይቅ ወዲያው መልስ ያገኛል። የሮማ ማዘጋጃ ቤትም ለ2025ቱ ኢዮቤልዩ ጁሊያ የምትባል ረዳት ለእንግዶች አቁሞ የለም ወይ ብለውም ምሳሌ ጠቀሱ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ አንድ አባታችን እጃቸውን አነሡና «ስንት ነው?» አሉ። ጭብጨባው ቆመ። ኮሚቴውም በኮምፒውተር ሥራ ስለምተዳደር አጥናና አቅርብ አለኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ዛሬ «ይሠራ» ብለን ድምፅ እንዳንሰጥ ነው የምለምነው። «አይሠራ» ማለቴ ግን አይደለም። ልጆቻችን ያሰቡት ቁም ነገር ነው፤ እንዲያውም ለሀገራቸው ሰው ብለው ማታ ማታ በነጻ መሥራት የፈለጉ ልጆች ስላሉን ደስ ሊለን ይገባል። ነገር ግን በሣጥናችን ያለው ገንዘብ የእነዚያ እህቶቻችን ገንዘብ ነው። ባዳንቴ ሆነው ሌሊቱን የሰው እናት ሲያገላብጡ ከሚያድሩበት ላይ በየወሩ የቆረጡት ነው። ለመጻሕፍት መደርደሪያ ብለን የሰበሰብነው ነው። ከእርሱ ላይ አንድ ዩሮ ከመነሣቱ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ።

ስለ ነገሩ ምንነት በአጭሩ ልበል። ቻትጂፒቲን የመሳሰሉት ጽሑፍ አመንጪ ሞዴሎች የሚመልሱት እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይል ከፍተው አይደለም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብበው፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ይመጣል የሚለውን ይገምታሉ። ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሰምራል። ሲስት ግን እንደ ሰው አይንተባተብም፤ እውነቱንም ስሕተቱንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ይናገራል። የእኛን መተዳደሪያ ደንብ አንብቦ አያውቅም፤ ለሐዘን ስንት እንደምንሰጥ ብትጠይቁት ግን «አላውቅም» ከማለት ይልቅ አንድ ቁጥር ሊነግራችሁ ይችላል።

ስለዚህ «የራሳችን ረዳት» ሲባል አዲስ ሞዴል ማሠልጠን ማለት አይደለም። ለዚያ ገንዘቡም ጽሑፉም የለንም። የሚደረገው በገበያ ያለውን ሞዴል ተከራይቶ የማኅበሩን ሰነዶች አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ ከሰነዶቹ ውስጥ ተገቢው ገጽ ይፈለጋል፤ ከዚያ ሞዴሉ «ከዚህ ገጽ ላይ ብቻ መልስ፣ እዚህ ከሌለ የለም በል፣ አንቀጹንም ጥቀስ» ተብሎ ይታዘዛል። ይህ ደኅና አሠራር ነው። ትእዛዙን ሁልጊዜ ይጠብቃል ማለት ግን አይቻልም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገጹ ራሱ መኖር አለበት።

የእኛ ገጽ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ሁለት ቅዳሜ ተቀምጬ አየሁት። ደንባችን የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ የቆየ ፎንት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ በዛሬ ስልክ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ጎርፍ ይሆናል። ቃለ ጉባኤዎቻችን ደግሞ በእጅ የተጻፉ ናቸው። የቀድሞው ጸሐፊያችን እጅ ጽሑፍ እጅግ ያምራል፤ እውነቱን ለመናገር ግን እኔም በግድ ነው ያነበብሁት። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው፤ የደንቡ ሁለት ቅጂ አለ፣ በሁለቱ ላይ ያለው የሐዘን ድጋፍ መጠን ይለያያል። አንዱ ከተሻሻለ በኋላ ሌላው አልተወገደም። የትኛው እንደሚሠራ ሦስት የኮሚቴ አባላት ጠይቄ ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ። እኛ ያልተስማማንበትን ነገር ማሽኑ ከየት አምጥቶ ያስማማናል?

እዚህ ላይ የደብረ ታቦር ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ላንሣ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠሩ። መድፉ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ «መድፍ አለን ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቀረና «መንገድ አለን ወይ?» የሚለው መጣ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በማርች 1868 ነው። ስድስት ወር ያህል ገደል እየናዱ፣ ቋጥኝ እየፈለጡ፣ በሰው ጉልበት እየጎተቱ ሄዱ። ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም ያነሣሁት፤ እኔ ማን ሆኜ! እርሳቸው ግን ጉልበት ያለው ሠራዊት ነበራቸው። እኛ ያለን አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት ነን፣ ከእነርሱም አራቱ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማን ምን ይጠይቃል? ይህን ሳያውቁ የሚሠራ ረዳት ለማን እንደሚቀመጥ ያልታወቀ ወንበር ነው። ደግነቱ ጸሐፊያችን የስልክ ደብተር አላቸው፤ ማን ለምን እንደደወለ በአንድ በአንድ መስመር ይጽፋሉ። ስም እየሸፈኑ አነበቡልኝ። እኔ የጠበቅሁት ወጣቶቹ ያሉትን ነበር። ያገኘሁት ሦስት ዓይነት ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ሁልጊዜ አንድ ነው። የባንክ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ስብሰባው መቼ ነው፣ መዋጮዬ የት ደረሰ፣ አዳራሹ በየትኛው አውቶቡስ ነው። ለዚህ ኤአይ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ጽፈን በቴሌግራማችን አናት ላይ ብንሰካው ይበቃል፤ የመዋጮውን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን እንጂ ማንም ማሽን ሊያውቀው አይገባም። ይህን ገጽ ወጣቶቹ ትናንት ማታ ጽፈው ጨርሰዋል፤ ወጪው ዜሮ ነው።

ሁለተኛው ስለ ወረቀት ጉዳይ ነው፤ ሶጆርኖ፣ የቤተሰብ ማገናኘት፣ ዜግነት። ሦስተኛውን አልጠበቅሁትም። ብዙ ሰው የሚደውለው ጥያቄ ኖሮት ሳይሆን ደብዳቤ ሊያስነብብ ነው። በጣሊያንኛ የመጣ ወረቀት ፎቶ አንሥቶ «እባክሽ ይህ ምን ይላል?» ይላል። ከሆስፒታል፣ ከግብር ቢሮ፣ ከልጅ ትምህርት ቤት፣ ከቤት አከራይ። እንግዲህ የሰዉ ችግር ያቀድነው አይደለም ማለት ነው። ያቀድነው ጥያቄ መላሽ ነው፤ የሚፈለገው ደብዳቤ አንባቢ ነው። ያለ ደብተሩ ይህን አናውቀውም ነበር፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነበር የምናውቀው።

ታዲያ ደብዳቤ የሚያነብ እንሥራ ወይ? እዚህ ላይ አንድ የማውቀውን ነገር ልንገራችሁ፤ ባለቤቷ ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልጠራም። አንዲት እናታችን ለሶጆርኖ የጣት አሻራ የሚሰጡበት የቀጠሮ ወረቀት ደረሳቸው። ሰው ላለማስቸገር ብለው በስልካቸው ባለ አንድ የትርጉም ፕሮግራም አስተረጎሙት። ወረቀቱ «ኦሬ 9፡30» ይላል። ፕሮግራሙም «ቀጠሮዎ 9፡30 ሰዓት ነው» አላቸው። እሳቸው ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደረሱ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት። በጣሊያን 15፡00 ማለት ነው። ቀጠሮው ካለፈ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ሌላ ቀጠሮ እስኪያዝላቸው ድረስ፣ ለእናታቸው ሙት ዓመት ወደ ሀገር ቤት ሊሄዱ የገዙት ትኬት ተቃጠለ።

ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ አንድ ቃል እንኳ አልሳተም። ቁጥሩን እንዳለ ነው ያስቀመጠው። የሳተው እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ መሆኑን ነው። በቀን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው፤ አሥራ ሦስት ወር አለን፣ ዓመታችን በሰባትና በስምንት ይለያል። ለዚህ ነው የትኛውም ረዳት ከመሠራቱ በፊት የፈተና ጥያቄዎች ከነትክክለኛ መልሳቸው በወረቀት ተጽፈው መቀመጥ አለባቸው የምለው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መፈተን የሠራውን ሰው ፊት ማየት ያመጣል፤ «ለትንሽ ነው፣ ይለፍ» እንባባላለን። አስቀድመን ግን፣ ከመቶ ጥያቄ ስንቱን ከመለሰ እንቀበለዋለን፣ የትኛውን ከሳተ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ቢመልስም አንቀበለውም ብለን እንጽፋለን። ሰዓትና ቀን ከማይታለፉት ውስጥ ናቸው።

ፈተናውን እናቶቻችን ይጻፉት። እኔ ብጽፈው እንደ መጽሐፍ እጽፋለሁ። እነርሱ ግን «ልጄ ያቺ ወረቀት አልመጣችም እኮ፣ ምን ይሻለኛል?» ነው የሚሉት። አንዱ «ዕድር» ይጽፋል፣ ሌላው «እድር»፤ ሐዘን በሦስት ዓይነት ሀ ይጻፋል። እነዚህን እንደ አንድ ቃል የማያይ ፍለጋ ገጹን አያገኘውም። ብዙዎቹ ደግሞ አይጽፉም፤ ድምፅ ነው የሚልኩት፣ በጎንደር አነጋገር፣ በመሐሉ ጣሊያንኛ ጣል እያደረጉ። ይህን ሰምቶ የሚረዳ መሆኑ ለብቻው መፈተን አለበት። አክብሮትም አለ። ጣሊያንኛው «ሌይ» ብሎ ለወንዱም ለሴቱም ይገላገላል፤ እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ አለን። ሰባ ዓመት የሞላቸውን እናት «አንተ» የሚል ረዳት መልሱ ትክክል ቢሆንም ሁለተኛ አይጠየቅም።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው፤ ረዳታችን አይመልስ። ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ። የሶጆርኖ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደየጊዜው ርዝመት 80፣ 100 እና 200 ዩሮ ተደርጎ ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2015 ከመጠን ያለፈ ነው ካለ በኋላ፣ በ2017 ወደ 40፣ 50 እና 100 ወረደ። በኢንተርኔት ላይ ግን የድሮው ገጽም የአዲሱም ገጽ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሞዴሉ ሁለቱንም አንብቧል። በኒውዮርክም ከተማው ራሱ በ2023 ለነጋዴዎች ያቆመው ረዳት፣ አሠሪ ከሠራተኛው ጉርሻ ላይ መውሰድ ይችላል ብሎ ሲመክር ጋዜጠኞች በ2024 ደርሰውበታል፤ ሕጉ ግን ይከለክላል። ከተማ ያንን ያህል ባለሙያ ይዞ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ምን እንሆናለን? ለሶጆርኖ የሚደውል ሰው የፓትሮናቶ አድራሻና የሰው ስልክ ቁጥር ይሰጠው። እድሳት የሚጠየቀው ካርዱ ከማለቁ 60 ቀን በፊት መሆኑን ደግሞ በዚያው በተሰካው ገጽ ላይ በደማቁ እንጻፈው።

«ማሽኑ ነው ያለው፣ እኛ የለንበትም» ማለት አይቻልም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አይቻልም። በካናዳ አንድ ሰው አያቱ ሞተውበት ለለቅሶ ሊበር የአየር መንገዱን የመልስ መስጫ ፕሮግራም ጠየቀ። ፕሮግራሙም ትኬቱን አሁን ግዛ፣ የሐዘን ቅናሹን በኋላ ትጠይቃለህ አለው። ኤር ካናዳ በኋላ ከለከለው። ሲከሰስም ፕሮግራሙ ለራሱ ተግባር ራሱ ኃላፊ ነው የሚል ክርክር አቀረበ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በድረ ገጻችሁ ላይ ላለው ነገር ሁሉ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ ብለው አስከፈሉት። አሁን ይህን ወደ እኛ አምጡት፤ ረዳታችን ለአንድ ሐዘንተኛ «ማኅበሩ የአስከሬን መላኪያውን ሙሉ ይከፍላል» ቢለው፣ ያ ሰው እኛ ፊት ቆሞ ምን እንለዋለን?

የግል መረጃ ጉዳይ ከሁሉ ይከብደኛል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የምንኖርበት ሀገር ይህን በቸልታ የማያይ ነው። ጋራንቴ የሚባለው የጣሊያን የግል መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2023 መጨረሻ ቻትጂፒቲን በጣሊያን አሳግዶ፣ አገልግሎቱ የተመለሰው በኤፕሪል መጨረሻ ነው። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአውሮፓ ሕግ መሠረት የአባሎቻችን መረጃ ኃላፊ ማኅበሩ ነው፤ መረጃ ከወጣብን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ሊኖርብን ይችላል። በ2024 ሥራ ላይ ውሎ ደረጃ በደረጃ የሚተገበረው የአውሮፓ የኤአይ ሕግም ሰው ከማሽን ጋር እያወራ መሆኑ ይነገረው ይላል። አሁን ያንን ደብዳቤ አስቡት። ኮዲቼ ፊስካሌ አለበት፣ የበሽታ ስም አለበት፣ የደመወዝ መጠን አለበት። ፎቶው ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ አከራያችን ኩባንያ ኮምፒውተር ይሄዳል። ስንት ቀን ይቀመጣል? ለሥልጠና ይውላል ወይ? በአውሮፓ ውስጥ ነው ወይ ያለው? ውል ከመፈረሙ በፊት መልሱ በጽሑፍ ያስፈልጋል።

ሕጉ ባይኖርም የሚያሳስበኝ ሌላ አለ። በሰነዶቻችን ውስጥ ሀገር ቤት ያሉ ሰዎች ስም አለ፤ ገንዘብ የተቀበለ፣ ቁልፍ የያዘ፣ ልጁ የታመመበት። በዚህ ጊዜ የማን ስም የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ረዳቱ ሊያያቸው ከሚችሉ ሰነዶች ውስጥ ሀገር ቤት ያለ ሰው ስም አንድም እንዳይኖር እጠይቃለሁ።

ልጆቻችንንም አስቡ። ለእናቱ ስልክ የሚጽፍላት ማነው? የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የወጣው የጣሊያን ሕግ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ኤአይ የሚጠቀመው በወላጅ ፈቃድ ነው ይላል። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ከፈቃዱ ይልቅ ልጁ የእናቱን የሆስፒታል ደብዳቤ ማንበቡ ነው።

ስለ ዋጋ የጠየቁት አባታችን እንዳይቀየሙኝ። ወጪው የሚቆጠረው በቁራሽ ነው። ሞዴሉ ጽሑፉን ይቆራርጣል፤ በሚያነበውና በሚጽፈው ቁራሽ ልክ ያስከፍላል። ኮምፒውተር አንድ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲይዝ የእኛን ፊደል በሦስት ነው የሚይዘው፤ ሞዴሎቹም በአብዛኛው የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንድ ዓይነት ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ቁራሹ ይበዛል፣ ሒሳቡም አብሮ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተሰላ የዋጋ ግምት ይዞ የሚመጣን ሰው አትመኑት። በራሳችን ጥያቄዎች ይለካ፤ በወር ከዚህ በላይ ቢሆን ራሱ ይዘጋ የሚል ጣሪያም ይቀመጥበት። ዋናው ወጪ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ድረ ገጻችንን ታስታውሳላችሁ? የይለፍ ቃሉን የያዘው ወንድማችን ወደ ጀርመን ሄደ፣ ድረ ገጹም አብሮት ሄደ። ደንብ ሲሻሻል ገጹን በዚያው ሳምንት የሚቀይር፣ የተሳሳቱ መልሶችን በየወሩ የሚያይ፣ እርሱ ባይኖር የሚተካው ሰው ማን እንደሆነ ሳይጻፍ አንጀምር።

እንግዲህ የማቀርበው ይህን ነው። ሦስት ወር ስጡን፤ ገንዘብ አንጠይቅም። በመጀመሪያ የሐዘን ድጋፉ መጠን ዛሬ በዚህ ጉባኤ ይወሰንና አንዱ የደንብ ቅጂ ይሰረዝ። ወጣቶቹ ደንቡንና የአምስት ዓመት ቃለ ጉባኤ በዩኒኮድ ይተይባሉ፣ ስሞቹን እያወጡ፤ ረዳቱ ቢቀርም ይህ ሥራ ይጠቅመናል። እኔ ከጸሐፊያችን ጋር መቶውን የፈተና ጥያቄ አዘጋጃለሁ። ከዚያ ስለ ማኅበሩ ጉዳይ ብቻ የሚመልስ ትንሽ ሙከራ ለሃያ ፈቃደኛ አባላት እናሳያለን። ደብዳቤ ለማንበብ ግን ለጊዜው ሰው ይሻላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጣሊያንኛ የሚችሉ ልጆች እዚህ አዳራሽ ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም ተስማምተዋል። ውጤቱንና ዋጋውን ይዤ በሚቀጥለው ስብሰባ እመለሳለሁ፤ ፈተናውን ከወደቀም ወደቀ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የጥያቄ ደብተሩ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጥያቄ ጻፉልኝ፤ ስም አትጻፉ፣ አታሳምሩትም፣ ለጎረቤት እንደምትናገሩት ይሁን። መጻፍ ለሚያስቸግራችሁ ልጄ እስክሪብቶ ይዛ እዚያው ተቀምጣለች፣ ንገሯት።